ፍሬኑን እንየው

"ከድሮ ቡድንህ ስትወጣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነበር?" አለ ቪቶሚር።

"ከማንም ጋር አልተጣላሁም" አለ ልጁ። ትሑት ድምፅ ነበረው። የላከውን ሙዚቃም ሰምተነዋል፤ አይከፋም።

ቪቶሚር መስመሩን ዘጋው። ደኅና ዋል እንኳን አላለውም። እኔና ዱንያ እዚያው መስመር ላይ ሆነን እያዳመጥን ነበር፤ ልጁ ከጆሯችን ላይ ብድግ ብሎ ጠፋ።

"አሁን ይሄ ምን አጠፋ?" አለች ዱንያ።

"ከሰው ጋር ሠርቶ ከማንም ጋር ያልተጣላ የለም። ወይ ይዋሻል፣ ወይ ሥራ ነክቶ አያውቅም።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ፍሬኑን አየሁት። አይዝም።"

በዚያ ወር ያባረረው ሦስተኛው ሙዚቀኛ ነበር።

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ቪቶሚር አለ። በዓሣ አጥማጆች ክበብ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሐል አለ፤ በአፓርታማ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይማ ሁለት ሦስትም አይጠፋ። ማንም አልሾመውም። አንድ ቀን ዘወር ስትሉ በሩ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ መግባት የፈለገ ሁሉ የሚያልፈው በሱ በኩል ነው። ቀድሞ የገባውም ሰው፣ አንድ ቀን እንዴት እንደገባሁ እጠየቅ ይሆናል እያለ ይሰጋል።

የኛው ክቡር የበር ሹም የሚኖረው እንደኔ ሰርቢያ ውስጥ፣ ቻቻክ ከተማ ነው። ማኅበራችን "የሞራቫ ወፍጮ" ይባላል። ሠላሳ ያህል ነን፤ ብዙዎቻችን የምንተዋወቀው በድምፅ ብቻ ነው። ስንጀምር ኦንላይን ጌም የምንጫወት ሰዎች ነበርን። ግንብ እንሠራለን፣ የሌላውን ግንብ እናፈርሳለን፣ የዘረፍነውን ወርቅና ሰይፍ በጋራ መጋዘን እናስቀምጣለን። በኋላ ድፍረት ጨመርንና የራሳችንን ጌም ለመሥራት ተነሣን። ስለ አንድ አሮጌ የውሃ ወፍጮና በመዘውሩ ሥር ስለሚኖር ነገረኛ መንፈስ ነው። ሥዕሉን የምትሠራው ዱንያ ናት፤ የቀን ሥራዋ ፋርማሲ ውስጥ ነው። መንፈሱ የሚናገረውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የቀን ሥራዬ የከተማው ጋዜጣ ላይ ነው።

ቪቶሚር አይሥልም። አይጽፍም። ጌሙ ውስጥ በጦርነት ጊዜ ጠላት ሳይነካው ከድልድይ ላይ ይወድቃል። የሱ ሥራ በሩ ነው።

እንጀራው ግን የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ነው። ፍሬን የሚያየው እሱ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው፣ ፍሬኑን ትናንት ነው ያስቀየርኩት ብለው በልጆቻቸው ስም ከሚምሉ ሰዎች ፊት ቆሞ፣ የፍሬን መለኪያው መርፌ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ሲቀር እያየ ነው። ከዚህ ሥራ ያተረፈው የጀርባ ሕመምና ሰውን ከሥር ጀምሮ የማየት አባዜ ነው። ጎረቤቱ ልጄን ልድር ነው ብሎ በደስታ ሲነግረው እንኳን ደስ አለህ አላለውም። "ፍሬኑን እንየው" ነው ያለው። አዲስ ዳቦ ቤት ሲከፈት፣ አዲስ ቄስ ሲመጣ፣ የአየር ትንበያው ነገ ፀሐይ ነው ሲል፣ መልሱ ያው ነው።

ይህ አባዜ በማኅበራችን ሕግ የሆነው መጋዘናችን ከተዘረፈ በኋላ ነው። የዘረፈን በጣም ጨዋ ሰው ነበር። "እባካችሁ" ሳይል አይናገርም፤ የሁላችንንም ልደት ያስታውሳል። አንድ እሑድ ጠዋት ስንገባ መጋዘኑ ውስጥ የቀረው አንድ የተሰነጠቀ ጋሻ ነበር። ጨዋው ሰውዬ የለም። እኛ ሰውዬውን ስንራገም ቪቶሚር እኛን ጠየቀን።

"ማን አስገባው?"

ሁላችንም ነበርን ያስገባነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ያዘ።

ምርመራው በጠብ ጥያቄ ይጀምራል። ያንን ላለፈ ሰው የእናቱን ስልክ ቁጥር ይጠይቀዋል። ቀልድ አይደለም፤ ይደውላል። ከክራጉየቫጽ ከተማ አንድ ጥርስ ሐኪም አመልክቶ ነበር፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ የሁለት ልጆች አባት። ቪቶሚር ለእናቱ ደወለና ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ምራታቸው፣ በመስኮት ስለሚገባው ነፋስ ሲያወሩ ቆዩ። በመጨረሻ ልጅዎ እንዴት ያለ ሰው ነው ብሎ ጠየቃቸው። ልጄ ወርቅ ነው አሉ፤ ብቻ በየመከሩ ከቀይ ቃሪያ የምሠራውን አይቫር በጠርሙስ በጠርሙስ ይወስዳል፣ ባዶውን አንድም ቀን መልሶ አያውቅም።

ሐኪሙ ወደቀ።

"ለጠርሙስ ብለህ?" አልኩት።

"ጠርሙስ የማይመልስ ሰው ሌባ ነው አላልኩም። የተሰጠውን የት እንዳደረሰው አያውቅም። ያ ይብሳል።"

እናቱ የመሰከሩለት ደግሞ ወደ ጦርነት ይወሰዳል። ቪቶሚር አዲሱን ሰው ይዞ ጌሙ ውስጥ ይገባና አውቆ ወደ ግራ ይታጠፋል። በስተግራ ረግረግ ነው። ሁለቱም ሰምጠው ይሞታሉ። ከዚያ ክቡርነቱ ምንም ሳይናገር ይጠብቃል። "ችግር የለም ጋሼ፣ ያጋጥማል" ያለ ወድቋል፤ አስመሳይ ነው። እዚያ ባልነበረ በሌላ ሰው ያሳበበ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ዱንያ ስትመጣ ከረግረጉ ውስጥ እንዲህ አለችው ይባላል፦ "ወደ ግራ የታጠፍከው አንተ ነህ። ካርታ ማንበብ ካልቻልክ ለምንድነው የምትመራው?" ቃሏን ሳትጨርስ አባል ሆነች። "ይቺ ትይዛለች" አለ።

ይህ ሁሉ ሳያንሰው ሌላም በር ሠራ። ኩም ያለው ሰው ሳይመረመር ይገባል ብሎ ደነገገ። ኩም እኛ ዘንድ ሚዜም ነው፣ የልጅ ክርስትና አባትም ነው፣ ዋስም ነው፤ ሦስቱን አንድ ሰው ትከሻ ላይ ጭናችሁ አስቡት። ዋስ ብሎ ቢጽፈው በቂ ነበር። ቪቶሚር ግን ነገሩ ክብደት እንዲኖረው ኩም የሚለውን ቃል መረጠ። ከሥሩም ጨመረበት፦ የገባው ሰው ከሰረቀ ወይም ከከዳ ኩሙ አብሮት ይወጣል። በዚህ በር ማንም አልገባም። ለማያውቀው ሰው አንገቱን የሚሰጥ ከየት ይመጣል?

ችግሩ የመጣው ሙዚቀኛችን መንታ ሲወልድ ነው። ሙዚቃውም እንቅልፉም ባንድ ሳምንት ቀረ። ጌማችንን ኖቪ ሳድ ከተማ ለሚደረገው የፀደይ ትርኢት ልናቀርብ ተመዝግበን ነበር። ሥዕሉ አልቋል፣ ንግግሩ አልቋል። መዘውሩ ይዞራል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ድምፅ የለም። ቪቶሚር የመጡትን ሙዚቀኞች አንድ በአንድ ይጥላል።

በመጨረሻ ዱንያ ኦግነንን አገኘችው። የኡዢጼ ከተማ ልጅ ነው፤ አኮርዲዮን ይጫወታል። የላከልን ዜማ ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ቪቶሚር እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ድገሙልኝ አለ። ይህን ሲል ሰምተነው አናውቅም።

ቢሆንም አጣራ። ኦግነን ሁለት ቡድን ሥራ መሐል ጥሎ ሄዷል። ለአንደኛው የሠራውን ዜማ ወስዶ ለሌላ ሰጥቷል። ምርመራው ላይ አብሬ ነበርኩ።

"ከማን ጋር ተጣልተህ ነበር?"

"ከሁሉም ጋር" አለ ኦግነን።

ቪቶሚር ደስ አለው። በድምፁ ይታወቃል። "ጎሽ። ጥፋቱ የማን ነበር?"

"የነሱ።"

መስመሩ ተዘጋ።

ዱንያ በዚያ ቀን ያለችውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ፍሬ ነገሩ፣ ጌሙ ያለ ሙዚቃ ድዳ ነው የሚል ነበር። ተሰርቆ ከሚጮህ ድዳ ሆኖ ቢቀር ይሻላል አላት ቪቶሚር። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እሷም ተምራለች።

በሚቀጥለው ዓርብ መኪናዬን ለምርመራ ይዤ ጣቢያው ሄድኩ። ቪቶሚር ወዳጄ ስለሆነ ሁልጊዜ ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን ያስጠብቀኛል። ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት መስኮቷ በማጣበቂያ ፕላስቲክ የተያዘ አሮጌ መኪና እያጨሰች ገባችና አንድ ቀጭን ወጣት ወረደ። ቆቡን አወለቀ።

"ጋሽ ቪቶ እርስዎ ነዎት?"

ድምፁን ሁለታችንም ለየነው።

"ምርመራህ አልቋል ልጄ" አለ ቪቶሚር፤ ዓይኑ መርፌው ላይ ነበር።

"ለምርመራ አልመጣሁም። ኩም እንዲሆኑኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።"

ከመኪናው ሥር መፍቻ የያዘው መካኒክ ሥራውን አቆመ። ወረፋ ላይ የነበሩት ሞተራቸውን አጠፉ። ይህን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ዘንድ ገንዘብ ሲለምኑህ የለኝም ትላለህ፤ ለሠርግ ሲጠሩህ አመመኝ ትላለህ። ኩም ሁነኝ ያለህን ሰው ግን እምቢ አትልም። ጠላትህም ቢሆን አትልም። ቪቶሚር ሕጉን ሲጽፍ ያንን ከባድ ቃል ባይመርጥ ኖሮ ሳቅ ብሎ ያልፈው ነበር። ደግሞም አመልካች የበሩን ሹም ራሱን ኩም ሁነኝ ማለት አይችልም የሚል መስመር አልጻፈም። አልታየውም። ይህን ቀዳዳ ለኦግነን ማን እንዳሳየው አልተጣራም፤ ዱንያ ግን በዚያ ሳምንት በጣም ታፏጭ ነበር።

ቪቶሚር እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣት በጣት ጠረገው።

"እዚህ? ጭስ መሐል?"

"የትም ቢሆን ያው ነው ጋሼ።"

"መኪናውን አስገባው።"

መኪናው ገባ። ፍሬኑን አየው። ወረፋው ሁሉ መርፌውን ያያል። መርፌው ትንሽ ተነሥቶ እንደ ደከመው ሰው ተመልሶ ተኛ።

"መኪናህ ወድቋል" አለ ቪቶሚር። "ኩምነቱን ተቀብያለሁ።"

ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ። መካኒኩ አጨበጨበ። የኔን መኪና ያየልኝ ከምሳ በኋላ ነው።

በዚያ የበረዶ ክረምት ቪቶሚር ሌላ ሰው ነበር። ባሰበት። ጠዋት ጠዋት ኡዢጼ ይደውልና "ተነሣህ?" ይላል። ማታ ይደውልና "ምን ሠራህ?" ይላል። በአውቶቡስ ሹፌር እጅ በጭስ የደረቀ ሥጋ ይልክለታል፤ ራበኝ ብሎ ሥራ እንዳያቆም። ኦግነን ሲስቅበት ይሰማል። ዜማውን ግን ሠራ። ለወፍጮው አንድ፣ ለጎርፉ አንድ፣ ለመንፈሱ አንድ። የመንፈሱን ዜማ ቪቶሚር ፍሬን እያየ ሲያንጎራጉረው ሰምቼዋለሁ። ድምፁ አያምርም።

መጋቢት ሲገባ ዜማዎቹ ከጋራ ማኅደራችን ጠፉ። ሦስቱም። በሳምንቱ ዱንያ ሁለቱን አገኘቻቸው፤ የቤልግሬድ ሰዎች በሚሠሩት ሌላ ጌም ማስታወቂያ ላይ ይሰማሉ። የኦግነን ስልክ ዝግ ነው።

ስብሰባ የጠራው ቪቶሚር ነው። ሁላችንም መስመር ላይ ገባን። እንቆጣለን ብለን ነበር የመጣነው፤ ዕድል አልሰጠንም። ኦግነን ከድቷል፣ ወጥቷል አለ። ቀጥሎ የኩሙን ጉዳይ እናያለን አለ። እንደ ችሎት ጸሐፊ ነበር የሚናገረው። አንዱ እባክህ ተወው ሲለው፣ ሌላው ድምፅ ይሰጥበት ሲል፣ እኔም ልጁ እስኪገኝ እንጠብቅ ስል አዳመጠን።

"ሕጉን ማን ጻፈው?" አለ።

"አንተ" አለች ዱንያ።

"ታዲያ።"

የበሩን ፓስወርድ ለዱንያ ሰጣትና ስሙን ከአባላት መሐል በገዛ እጁ አጠፋ።  

ለዚህ ሰው ማኅበሩ ምን እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከጣቢያ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ በሩ ነበር መንገዱ። አሁን ከጣቢያ ወደ ቤት ብቻ ሆነ። ጋዜጣ ቢሮ ብቅ እያለ፣ የሰዋሰው ስሕተት አገኘሁባችሁ እያለ መቀመጥ ጀመረ። አንዳንዱ ስሕተት አልነበረም።

በሩስ? ዱንያ ደግ ሰው ናት፤ ፋርማሲም ውስጥ ሐኪም ሳያዝ መድኃኒት ለሚለምን ሽማግሌ ልቧ ይሸነፋል። ባንድ ሳምንት ውስጥ አንድ የጫማ ነጋዴ፣ አንድ ግጥሙን ካላነበብኩ የማይል ገጣሚ፣ ሁለት የተጣሉ ባልና ሚስት፣ እና ማንነቱን እስከ ዛሬ ያላወቅነው አንድ የሚያንኮራፋ ድምፅ አስገባች። ግንባችን ተቃጠለ። ያቃጠለው ገጣሚው ነው፤ ብርሃን ፈልጌ ነው አለ።

"ፍሬኑን ማየት ነበረብኝ" አለችኝ ዱንያ። በቪቶሚር አባባል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። በዚያው ቀን ለኦግነን አንድ መልእክት ጻፈችለት። ስድብ የለበትም። "ኩምህ በአንተ ምክንያት ወጣ" የሚል ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ መካኒኩ ነው። ያቺ የምታጨስ መኪና ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት በር ላይ ቆማ አገኟት። ኦግነን ቆቡን በእጁ ይዟል። ቤልግሬድ ሄዶ ከሰዎቹ ጋር ተጣልቶ፣ ማስታወቂያውን አስነሥቶ፣ የላኩለትን ገንዘብ መልሶ፣ ዜማዎቹን ይዞ መጥቷል።

"ከሰው ብዙ ነገር ወስጃለሁ ጋሼ" አለ። "ኩም አዋርጄ ግን አላውቅም።"

ቪቶሚር ጨርቁን አነሣ። "ጥፋቱ የማን ነበር?"

"የኔ።"

ቪቶሚር ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን ጠረገ። ከዚያ ቁርስ በልተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። አልበላም። የጣቢያው ሠራተኞች አንድ ቡሬክ፣ ሥጋ የተሞላ ቂጣ፣ አካፈሉት። መኪናው እንደገና ታየ፤ እንደገና ወደቀ።

ዜማው በዚያው ቀን ደረሰን። ጌሙ ድምፅ አገኘ። ቀጥሎ ሁላችንም ለቪቶሚር ደወልን፤ ተመለስ አልነው። በቃ፣ ተመለስ።

ያለ ምርመራ አልገባም አለ።

ለመንነው። ተቆጣ። በሩን ለሠላሳ ሰው ዘግቼ ለራሴ ልክፈተው ወይ አለ። ዱንያ እንግዲያው መርማሪዋ እኔ ነኝ አለችና ቀጠሮ ያዘችለት። ያን ያህል ደስ ብሏት አላውቅም። ከማን ጋር ተጣልተህ ነበር ስትለው አንድ በአንድ ዘረዘረልን፤ እኔም ነበርኩበት፣ የአየር ትንበያውም ነበረበት። ጥፋቱ የማን ነበር ስትለው ገሚሱ የኔ አለ። አለፈ። የእናትህን ቁጥር ስጠኝ አለችው።

እናቱ ወይዘሮ ኮሳና ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ዱንያ ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ ደወለች። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀች። ስለ ነፋሱም ጠየቀች። ከዚያ ልጅዎ እንዴት ያለ ሰው ነው አለቻቸው።

"ቪቶሚር?" አሉ ወይዘሮ ኮሳና። "ቪቶሚሬ ወርቅ ነው። አይቫሩን ይወስዳል፣ ኮምጣጤ ያለበትን ጎመን ይወስዳል፣ ጠርሙስ ግን አይመልስም። ጓዳዬን ባዶ አስቀረው የኔ ልጅ። ለዘንድሮ በምን ላዘጋጅ? አንቺ ቅርብ ነሽ እንዴ? ንገሪልኝ።"

 ዱንያ እናትየዋን አመስግና ተሰናበተች።

"ወድቀሃል ቪቶ" አለችው።

"በትክክል" አለ ቪቶሚር። መስመሩንም ራሱ ዘጋው።

በማግስቱ ጋዜጣ ቢሮ መጣ። ለወጉ ካፖርት ለብሷል፤ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶታል። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ልቀመጥ አላለም፣ ስሕተት አገኘሁባችሁም አላለም። ቆቡን አወለቀ።

"ኩም እንድትሆነኝ ልለምንህ ነው የመጣሁት" አለ።

አዘጋጁ ብዕሩን አስቀመጠ። የስፖርቱ ክፍል ሁሉ ዘወር አለ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳላምን በዜና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ከሁለት ሰው ካልሰማሁ አልጽፍም። ይህን ሰው ካስገባሁት ደግሞ ኦግነን ተከትሎት ይገባል፤ ኩምነት አንዴ ከታሰረ አይፈታም። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ፍሬን በኔ አንገት ላይ ነው።

ተነሥቼ ሳምኩት። እምቢ ማለት ስለማይቻል ነው ብሎ እንዲያምን ተውኩት። ቢቻልም ያው ነበር የማደርገው።

ጌሙን ኖቪ ሳድ አቀረብነው፤ ሽልማት አላገኘንም። ቪቶሚር በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የመኪናውን የኋላ ወንበር አጥፎ፣ ባዶ ጠርሙስ እስከ ጣሪያው ጭኖ፣ በጣም በዝግታ እየነዳ ወደ እናቱ ሄደ።